የአሮጌዋ ቮልስዋገን ጥቃቅን መላዎች

የመኪና ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በሞተር ጉልበት፣ በፍጥነትና በፋብሪካ ባለቤቶች ስም ዙሪያ ነው፤ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ልብ የሚያርፈው ግን ከእነዚህ ይልቅ በበር እጀታ፣ በኋላ መስኮት ቅርጽ፣ በመብራት ክዳን ወይም ከእግር ሥር በተደበቀች አንዲት ማንሻ ላይ ነው። እነዚህ ጥቃቅን ክፍሎች ዛሬ እንደ ጌጥ ቢታዩም አብዛኞቹ ሲፈጠሩ ጌጥ አልነበሩም፤ ገንዘብ፣ ብረት ወይም ኤሌክትሪክ ያጠረው መሐንዲስ አንድን ችግር በርካሽ ለመወጣት ያበጃቸው መላዎች ነበሩ፤ ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ያለ ነጂው እጅ፣ እግርና ትኩረት የማይሠሩ ስለነበሩ ነጂውን ከተሳፋሪነት አውጥተው የማሽኑ ባልደረባ ያደርጉት ነበር። ይህን ከማንኛውም መኪና ይልቅ አጉልታ የምታሳየው በኢትዮጵያ ባጭሩ «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራው የጀርመኗ ቮልስዋገን ናት። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተመለከተ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው።

ቮልስዋገንን የወለዳት የዋጋ ገደብ ነው። በ1930ዎቹ የጀርመን ናዚ መንግሥት ለመሐንዲሱ ለፈርዲናንድ ፖርሸ የሰጠው ትእዛዝ አባትና እናትን ከነልጆቻቸው የምትይዝ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየተጓዘች የማትታክት፣ ዋጋዋም ከ1,000 ራይኽስማርክ የማይበልጥ መኪና እንዲሠራ ነበር፤ ይህም በዘመኑ ገበያ ከነበሩት መኪኖች ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የማይቻል የሚመስል ጥያቄ ነበር። የአካሉን ቅርጽ ያወጣው የፖርሸ ባልደረባ ኤርቪን ኮሜንዳ ሲሆን፣ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ በ1938 ዛሬ ቮልፍስቡርግ በተባለችው ከተማ ተጣለ። መኪናዋን ለማግኘት በየሳምንቱ የቁጠባ ቴምብር እየገዙ የለጠፉት ጀርመናውያን ከ300 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ጦርነቱ መጥቶ ፋብሪካው ወደ ወታደራዊ ምርት ስለዞረ አንዳቸውም በዚያ ቁጠባ የተገዛች መኪና ሳይረከቡ ቀሩ። ከ1945 በኋላ ፋብሪካውን ከፍርስራሽ አንሥቶ ለሰላማዊ ሕዝብ እንዲያመርት ያደረገው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ኢቫን ኸርስት ነው። የጀርመን ድህነት ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ስለባሰም መጀመሪያ የታሰበው ቁጠባ በእያንዳንዱ ብሎንና መስኮት ላይ እንደ ታተመ ቆየ።

የቁጠባው የመጀመሪያ ምልክት የመኪናዋ ገጽ ነው። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ መኪኖች ሞተራቸው በውሃ ስለሚቀዘቅዝ በፊት ለፊታቸው ራዲያተር ነበራቸው፤ ይህም የሞተሩን ሙቀት የተሸከመው ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች እያለፈ በነፋስ የሚበርድበት ክፍል ነው። የራዲያተሩ የውሃ መሙያ ክዳን ከኮፈኑ ጫፍ በላይ ጎልቶ ይታይ ስለነበር፣ በ1910ዎቹ በአሜሪካ የውሃውን ሙቀት ከመሪ ላይ ሆኖ ለማንበብ የሚያስችል ቴርሞሜትር በላዩ ይገጠም ጀመር፤ ይኸው ክዳን የጌጥ መቆሚያም ሆነና፣ ቀራጺው ቻርልስ ሳይክስ በ1911 ለሮልስ ሮይስ የሠራት ወደ ፊት ያጎነበሰች ሴት፣ ኋላም የጃጓር ዘላይ አውሬና የመርሴዲስ ኮከብ በዚያው ስፍራ ቆመው የየቤታቸው መለያ ሆኑ። ቮልስዋገን ሞተሯ ከኋላ ያለና በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር፣ የራዲያተር ክዳንም ሆነ አየር ማስገቢያ ፍርግርግ አላስፈለጋትም። ፊቷ ለስላሳና ድቡልቡል ሆኖ የቀረው ንድፍ አውጪው ውበት ስለፈለገ ብቻ ሳይሆን የሚሸፍነው ነገር ስላልነበረው ነው፤ ከዚያ ኮፈን ሥር የሚገኙት የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ትርፍ ጎማውና ጥቂት የዕቃ ቦታ ብቻ ናቸው። በ1950ዎቹ በኮፈኑ ላይ የተለጠፈው ተኩላና ግንብ ያለበት የቮልፍስቡርግ ከተማ ዓርማ ከጥቂቶቹ የፊት ጌጦቿ አንዱ ነበር፤ እርሱም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቀረ።

የኋላ መስኮቷ ታሪክ የሰው ፍላጎት እንዴት እንደሚገለበጥ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ቮልስዋገኖች የኋላ መስተዋት በመካከሉ በሚያልፍ ቀጭን ብረት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ምክንያቱም ከጀርባዋ ክብነት ጋር የሚሄድ አንድ ወጥ ቆልማማ መስተዋት መሥራት ውድ ስለነበር፣ ሁለት ትናንሽ ጠፍጣፋ መስተዋቶችን በማዕዘን ማጋጠም ርካሹ መንገድ ነበር። ጀርመኖች ይህን መስኮት ከሚወዱት የተጠማዘዘ ዳቦ ጋር አመሳስለው «ብሬትስል» ብለው ሰየሙት። በመጋቢት 1953 የመካከሉ ብረት ወጥቶ መስኮቱ አንድ እንቁላል መሰል መስተዋት ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ መኪኖች ባለቤቶች አሮጌ ሞዴል መንዳታቸው እንዳይታወቅባቸው ብረቱን እያስቆረጡ አንድ ወጥ መስተዋት ማስገባት ጀመሩ። በ1957 ደግሞ መስኮቱ ሰፍቶ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያዘ፤ ወደ ኋላ ለማየት የተመቸውም ይኸው የመጨረሻው ነው። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚከፍሉት ባለ ሁለት ክፍሉን መስኮት ላላስነኩት መኪኖች ነው፤ በዚያን ጊዜ ገንዘብ ተከፍሎበት የወጣው ብረት አሁን ብዙ እጥፍ ገንዘብ ተከፍሎበት ይመለሳል።

የመታጠፊያ ምልክቷም እንዲሁ ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረ ነው። የዛሬው ብልጭ ድርግም የሚል ፍሬቻ ከመለመዱ በፊት፣ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የተስፋፋው ምልክት የክንድ ፍሬቻ ነበር፤ ይኸውም በመኪናው ጎን ባለው ምሰሶ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጥ፣ ነጂው ማብሪያውን ሲያዞር ኤሌክትሮማግኔት ስቦ ወደ ውጭ የሚያነሣው፣ በውስጡም ትንሽ አምፖል የምትበራበት ብርቱካናማ ክንድ ነው። አሠራሩ መነሻ ያደረገው ነጂው በመስኮት እጁን አውጥቶ መታጠፉን የሚያመለክትበትን የቀድሞ ልማድ ነበር፤ መኪናው የራሱን እጅ ያወጣል ማለት ነው። በብርድ አገር በረዶ ያጣብቀዋል፤ ያለ ልክ ሲያረጅም ግማሽ መንገድ ወጥቶ ይቆማል። ያም ሆኖ ወዴት እንደሚታጠፍ በማያሻማ ሁኔታ የሚናገር በመሆኑ ከብልጭታው ይልቅ ለእግረኛ ዓይን የቀለለ ነበር ለማለት ያስደፍራል። ወደ አሜሪካ የሚላኩት ቮልስዋገኖች በ1955 ወደ ብልጭ ድርግም መብራት ሲዛወሩ፣ የአውሮፓዎቹ ክንዳቸውን እስከ 1960 ድረስ ይዘው ቆይተዋል።

ከጥቃቅኖቹ ሁሉ ስለ መኪናዋ ጠባይ አብዝታ የምትናገረው ግን የነዳጅ ማንሻዋ ናት። እስከ 1961 አጋማሽ ድረስ ቮልስዋገን የነዳጅ መለኪያ አልነበራትም፤ ዳሽቦርዷ ላይ የሚታየው ዋናው ነገር አንድ ክብ የፍጥነት መለኪያ ብቻ ነበር። በመለኪያው ፈንታ ከነጂው እግር አጠገብ ሦስት አቋቋም ያለው ማንሻ ተገጥሟል፦ ክፍት፣ ዝግና መጠባበቂያ። ነዳጅ ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ከወለሉ ከፍ ባለ ቱቦ ስለሆነ፣ ነዳጁ ከዚያ ከፍታ በታች ሲወርድ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ነጂው መኪናውን ሳያቆም ማንሻውን በእግሩ ጫፍ ገፋ አድርጎ ወደ መጠባበቂያ ሲያዞረው ከታች የቀረው 5 ሊትር ያህል ነዳጅ መፍሰስ ይጀምራል፤ ይህም በመደበኛ አነዳድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሊያስኬድ ይችላል። ከሽቦ፣ ከተንሳፋፊና ከሚወዛወዝ ቀስት የተሠራ መለኪያ ሊዋሽ ይችላል፤ ይህ ማንሻ ግን የሚዋሸው ነጂው ራሱ ከዘነጋ ብቻ ነው፤ ማለትም ነዳጅ ከሞላ በኋላ ማንሻውን ወደ ቦታው ካልመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ ሞተሩ ሲንተፋተፍ መጠባበቂያ የሚባል ነገር አይተርፈውም። ጥንቃቄ የሚያበዙት ባለቤቶች ምልክት የተደረገበት ዘንግ በማጠራቀሚያው አፍ እየሰደዱ ነዳጁን ይለኩ ነበር። መለኪያው በመጨረሻ ሲመጣም በኤሌክትሪክ ሳይሆን ከተንሳፋፊው በተዘረጋ የብረት ገመድ የሚንቀሳቀስ ነበር፤ የቆየው የቁጠባ ልማድ በአዲሱም ክፍል ላይ አልለቀቀም።

በዚሁ መንፈስ የተሠራችው ሌላዋ መላ የፊት መስተዋት ማጠቢያዋ ናት። በመስተዋት ላይ ውሃ ለመርጨት ግፊት ያስፈልጋል፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ለዚህ የእጅ ወይም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲገጥሙ፣ የቮልስዋገን መሐንዲሶች በ1960ዎቹ በኮፈኑ ሥር የተኛው ትርፍ ጎማ በውስጡ የታመቀ አየር እንዳለው አስተውለው፣ ከጎማው መንፊያ ወደ ውሃው ዕቃ ቀጭን ቱቦ ዘረጉ። ነጂው መርጫውን ሲነካ ውሃውን የሚገፋው የጎማው አየር ነው። ይህ ሲደጋገም ትርፍ ጎማው ባዶ እንዳይቀር፣ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ መስመሩን የሚዘጋ ቫልቭ ተደርጎበታል፤ ባለቤቱም መስተዋቱ መታጠብ እንዲቀጥል ከፈለገ ትርፍ ጎማውን በየጊዜው ማስነፋት አለበት። ብዙ ሰው ትርፍ ጎማው መተንፈሱን የሚያውቀው ሌላው ጎማ የፈነዳበት ቀን በመሆኑ፣ ነጂውን ሳያስበው ትርፍ ጎማውን እንዲጠብቅ የምታስገድደው ይህች ዘዴ ከፓምፕ ትበልጣለች። የፈረንሳይዋ ሲትሮዬን በ1948 ባወጣቻት 2ሲቪ በተባለችው የገበሬ መኪና ላይም ተመሳሳይ አስተሳሰብ ይታያል፤ የዝናብ መጥረጊያዋ የሚንቀሳቀሰው የፍጥነት መለኪያውን በሚያዞረው ገመድ ስለነበር መኪናዋ ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትዘገይ ይዘገያል፣ ስትቆም ይቆማል። ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ይህ የፈረንሳዮቹ መላ ከጀርመኖቹ ያነሰ ነበር።

ከነጂው እግር ሥር ሌላም የተዘነጋ ነገር ነበር፦ እስከ 1957 ድረስ ነዳጅ መስጫው ጠፍጣፋ ፔዳል ሳይሆን የምትሽከረከር ትንሽ መንኮራኩር ነበረች። በሮቿ ደግሞ አየር እንዳያስገቡ ተደርገው በጥንቃቄ ስለተገጠሙ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ በሩን መግጠም ያስቸግራል፤ የታመቀው አየር በሩን ይመልሰዋልና፣ አንዱን መስኮት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም ቮልስ የነዳ ሰው ይህን ያውቃል።

ለኢትዮጵያ ጋራዦች ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመው የጭቃ መከላከያዎቿ፣ በተለመደው አጠራር የፓራፋንጎዎቿ፣ አሠራር ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች የኋላ ፓራፋንጎ ከአካሉ ጋር የተበየደ ስለሆነ ሲገጭ ተቆርጦ እንደገና መበየድ ወይም ተቀጥቅጦ መስተካከል አለበት፤ የቮልስዋገን አራቱም ፓራፋንጎዎች ግን በብሎን ብቻ የታሰሩ ናቸው፤ ቁልፍ ያለው መካኒክ የተጎዳውን ፈትቶ ከሌላ መኪና የተገኘውን ሊያስርበት ይችላል። በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትሄድ ቀጭን የጎማ ጥልፍ አለች፤ ሥራዋ ላሜራ ከላሜራ ጋር ሲፋተግ የሚወጣውን ድምፅ ማፈንና ውሃ ገብቶ ዝገት እንዳያበላው መከላከል ነው፤ የመኪናዋን ክብ መስመሮች ለዓይን ለያይታ የምታሳየውም እርሷ ናት። የፋብሪካው ፖሊሲ ቅርጹን ሳይለውጡ ውስጡን ማሻሻል ስለነበረና በርካታ ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ሳይለወጡ ስለቆዩ፣ በአንድ ዘመን የተመረተ ክፍል በሌላ ዘመን በተመረተች መኪና ላይ መግጠሙ የተለመደ ነው። ቮልስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከብዙ እኩዮቿ በላይ ዕድሜ ያገኘችበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ መለዋወጫ ባልተገኘበት ዘመን አንዲት የቆመች መኪና ለብዙዎች መለዋወጫ ሆናለች።

አንዳንድ ጊዜ አንድ ትንሽ የአሠራር ዝርዝር ሳይታሰብ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ማውረዱን ካስታወቃቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነው። ሮልስ ሮይስን ጨምሮ ብዙ የክብር መኪኖች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት የተወሰዱባት መኪና ሁለት በር ብቻ ያላት በመሆኗ፣ ወደ ኋላ ወንበር ለመግባት የፊተኛው ወንበር ወደ ፊት መታጠፍና ገቢው ጎንበስ ብሎ መሹለክ ነበረበት። ሁለት በር ማድረግ በ1930ዎቹ የጀርመን መሐንዲሶች ለማጠፊያና ለመቆለፊያ የሚወጣውን ወጪ የቀነሱበት ዘዴ ነበር፤ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ የዘውድን ክብር ዝቅ ማድረጊያ ሆኖ አገልግሏል። በዚያው ዘመን በከተማይቱ በታክሲነት ያገለገለችው፣ ዳንቴ ጃኮሳ ነድፏት ፊያት በ1955 ያወጣት ሰይቼንቶ ደግሞ በርዋ ማጠፊያው ከኋላ ስለነበር በሩ ወደ ኋላ ይከፈት ነበር፤ ይህ ለመግባትና ለመውጣት ቢመችም መኪናዋ እየሄደች በሩ ከተለቀቀ ነፋስ ይዞት ስለሚበረግደው አደገኛ ነበር፤ ፊያትም በ1964 ማጠፊያውን ወደ ፊት አዛወረው።

ጌጥ ሆኖ የተወለደ ክፍል ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ዕድሜው ያጠረ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ የንድፍ አለቃ ሃርሊ ኧርል ፒ-38 ከተባለው የጦር አውሮፕላን መንታ ጅራት ሐሳብ ወስዶ በ1948 በካዲላክ የኋላ ፓራፋንጎዎች ላይ ትናንሽ ክንፎች አወጣ፤ ክንፎቹ በየዓመቱ እያደጉ በ1959 ከመንታ ቀይ መብራቶቻቸው ጋር በጣም ረጃጅም ሆኑ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጠፉ። ያለፈው ዓመት መኪና ያረጀ እንዲመስል ከማድረግ በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። በካዲላክ ላይ ምስጋና የሚገባው ዝርዝር ከክንፉ በታች የተደበቀው ነው፦ ከ1941 ጀምሮ የነዳጅ መሙያው አፍ የሚገኘው በግራ የኋላ መብራት ሥር ሲሆን፣ መብራቱ ራሱ እንደ ክዳን ወደ ላይ ይነሣ ነበር። ካዲላክ ክንፉን እስከ ጫፍ ባሳደገበት በዚያው በ1959፣ የኒው ዮርኩ የማስታወቂያ ድርጅት ዶይል ዴን በርንባክ ቮልስዋገንን በሰፊ ባዶ ወረቀት ጥግ ላይ በጣም ትንሽ አድርጎ ያሳየበትን ማስታወቂያ አወጣ፤ ትንሽነትን መሸጫ ማድረግ የቻለው በመኪናዋ ላይ ሊደበቅ የሚገባው ትርፍ ነገር ስላልነበረ ነው።

ይሁንና ቮልስዋገንም በውስጧ አንዲት ንጹሕ ጌጥ ነበራት፤ እርሷም በዳሽቦርዱ ላይ በማያያዣ የምትቀመጥ ትንሽ የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ ናት። ልማዱ ከቮልስዋገን የቀደመ ሲሆን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሀብታሞች ዝግ መኪኖች ውስጥ የነዳጅና የቆዳ ሽታን ለማጥፋት አበባ ይቀመጥ ነበር። ለቮልስዋገን ይህችን ማስቀመጫ ይሸጡ የነበሩት ነጋዴዎች እንጂ ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የምትወጣ አልነበረችም። ኩባንያው በ1998 ኒው ቢትል የተባለችውን አዲስ መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ግን ከመሪዋ አጠገብ የአበባ ማስቀመጫ የፋብሪካ ዕቃ አድርጎ ገጠመላት። ሞተሯ ከፊት፣ ማቀዝቀዣዋ ውሃ፣ ሥሪቷም ከሌላ የኩባንያው መኪና የተወሰደ ሆኖ ሳለ ጀርባዋ ክብ እንዲሆን ተደርጓል፤ ማንሻውም፣ የጎማው ቱቦም የሉም። ከአሮጌዋ የተወረሰው ፋብሪካው ፈጽሞ ሠርቶት የማያውቀው ጌጥ መሆኑ አዲሲቱን መኪና ለመፍረድ በቂ ነው። በ2011 የተካቻት ሞዴል ማስቀመጫውን ተወችው፤ እርሷም በ2019 ምርቷ ቆመ።

የአሮጌዋ ዓይነት የመጨረሻዋ ቮልስዋገን ሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ስትወጣ በዓለም የተመረቱት ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ባለፉት አሠርት ዓመታት የገቡት ቮልሶች በሌላ የማይተኩ ሆነዋል። ስለዚህ መኪናቸውን የሚያድሱ ባለቤቶችና የሚያድሱላቸው መካኒኮች የክንዱን ፍሬቻ፣ የነዳጁን ማንሻ ወይም የጎማውን ቱቦ አውጥተው በአዲስ ሲተኩ አሮጌውን እንዳይጥሉት፣ ከየትኛዋ መኪናና ከየትኛው ዓመት ምርት እንደ ወጣ ጽፈው እንዲያስቀምጡት ይገባል።